ማሽኑ ሳይገዛ አንድ ሰው ይቀመጥ

ለሰሜን ሸዋ ዞንና ለደብረ ብርሃን ከተማ የኢንዱስትሪ፣ የግብርና፣ የሥራና ክህሎት እንዲሁም የሴቶች ጉዳይ ኃላፊዎች፤
በዞኑ ለሚገኙ ፋብሪካዎች ሥራ አስኪያጆች

ጉዳዩ፦ የሥራ ቦታ ባህል አጥኚ እንዲመደብ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

አዲስ ማሽን፣ አዲስ የእርሻ መሣሪያ፣ አዲስ የፈረቃ ሰሌዳ ወይም አዲስ ቅጽ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት፣ አንድ የሠለጠነ ሰው ሥራው ከሚሠራበት ቦታ ሄዶ አሥር የሥራ ቀን እንዲቀመጥ እንጠይቃለን። ጥያቄያችን ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሰውዬው ወይም ሴትዮዋ ማን እንደሆኑ፣ ቁጭ ብለው ምን እንደሚሠሩ፣ ሥራውን ምን እንደሚያበላሽባቸውና በእኛ ዞን ከየት ቢጀምሩ እንደሚበጅ ነው። የውጭ አገር ዓመቶችን በሙሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የሙያው ስም አንትሮፖሎጂ ይባላል። ይህን ቃል የሰማ ሰው ወይ ድንቅነሽ ትዝ ትለዋለች፣ ወይ የሩቅ አገር ሠርግና ለቅሶ የሚመዘግብ ፈረንጅ። ፋብሪካና ቢሮ ውስጥ የሚቀመጠውን ወገን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ሥራው ግን የቆየ ነው። ቺካጎ አጠገብ በነበረው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ሆቶርን ፋብሪካ ከ1924 እስከ 1932 በተካሄደው ጥናት ማብቂያ ላይ፣ ሎይድ ዋርነር የተባለ አንትሮፖሎጂስት በሰጠው ምክር 14 ወንዶች የሚሠሩበት ክፍል ውስጥ ታዛቢ ተቀመጠ። ክፍያው ቡድኑ ባመረተው ልክ ስለነበረ፣ ሁሉም የአቅሙን ያህል ይሠራል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ታዛቢው ያየው ሌላ ነው። ሠራተኞቹ ራሳቸው የቀን ልክ ቆርጠዋል፤ ከልኩ ያለፈውን ባልደረባ ያሾፉበታል፣ ክንዱንም በቡጢ መታ ያደርጉታል። ይህን የደመወዝ መዝገብ አገላብጦ ማግኘት አይቻልም።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ሙያ ብዙ ከሠሩት አንዷ ሉሲ ሰችማን ናት። (ስሟ ከድንቅነሽ የፈረንጅ ስም ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው።) በካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂ እየተማረች ሳለ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል መሥራት ጀመረች፤ 20 ዓመት ያህል እዚያው ቆይታ በ2000 ወደ እንግሊዙ ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተዛወረች። ዜሮክስ በጊዜው አንድ ትልቅ የፎቶ ኮፒ ማሽን ለገበያ አውጥቶ ነበር። ማስታወቂያው አረንጓዴውን ቁልፍ መጫን ብቻ ይበቃል ይላል፤ ደንበኛው ደግሞ ማሽኑ አስቸገረኝ ይላል። ሰችማን ማሽኑን አስቀምጣ፣ ካሜራ ተክላ፣ ሁለት የኮምፒውተር ሊቃውንትን ኮፒ አንሡ አለቻቸው። ሁለቱ ሊቃውንት ወረቀቱን በሁለት ገጽ ለማባዛት ሲታገሉ ፊልሙ ያዛቸው። ፊልሙን ላየ ሰው ‘ተጠቃሚው አልተማረም’ የሚለው ምክንያት እዚያው ወደቀ፤ ከእነዚህ በላይ የተማረ ከየት ይመጣል?

ለእኛ ከፊልሙ ይልቅ የሚጠቅመው ቀጥላ የሠራችው ሠንጠረዥ ነው። ለማሽኑ የተሠራለትን በኮምፒውተር የሚመራ አጋዥ ስትመረምር ወረቀቷን በአራት ዓምድ ከፈለችው። አንደኛው ሰው የሚያደርገውንና ማሽኑ የማያየውን ይይዛል፤ ንግግሩን፣ ማመንታቱን፣ በጣት መጠቆሙን። ሁለተኛው ማሽኑ የሚያየውን ይይዛል፤ ክዳን መከፈቱን፣ ቁልፍ መጫኑን። ሦስተኛው ማሽኑ ለሰው የሚያሳየው፣ አራተኛው ነዳፊው በልቡ ያሰበው ነው። ችግሩ በብዛት የሚገኘው በአንደኛውና በአራተኛው ዓምድ መካከል ነበር። ሥራዋ በ1987 በመጽሐፍ ወጥቶ የኮምፒውተር ነዳፊዎችን ዓይን አስከፍቷል።

ይህን ሠንጠረዥ ደብረ ብርሃን አምጥተን አንድ የልብስ ስፌት ላይን (የማምረቻ መስመር) ላይ እንዘርጋው። ወሩ ታኅሣሥ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ያልተነሣ ነው እንበል። ቆጣሪው የሚያየው ኦፕሬተሯ በሰዓት ስንት ቁራጭ እንዳወጣች ብቻ ነው። የማያየው ብዙ ነው፦ ጣቷ እስኪፍታታ በብብቷ ትይዛለች፤ የደረሳት ጥቅል ውስጥ ቁጥሩ የተሳሳተ እጅጌ አግኝታ ትለያለች፤ ትናንት የተቀጠረችው ጎረቤቷ መርፌ ስትሰብር ዘንበል ብላ ታሳያታለች፤ ክሩ ሲበጠስ መካኒክ ከመጥራት ራሷ ትቀጥለዋለች፣ መካኒኩ እስኪመጣ ታርጌቱ ያልፋታልና። በአራተኛው ዓምድ የተጻፈው የነዳፊው ሐሳብ ደግሞ እጅ ሞቋል፣ ጥቅሉ ሙሉ ነው፣ አዲስ ሠራተኛ ሠልጥና ገብታለች፣ ክር አይበጠስም የሚል ነው። ሱፐርቫይዘሩ ታርጌት ያልሞላችውን ሲቆጣ፣ ምናልባት የሚቆጣው ላይኑን ይዛ የዋለችውን ነው። ሪፔር (ተበላሽቶ ድጋሚ የሚሠራ ልብስ) የበዛበትን ላይን ፈልጎ ይህን ሠንጠረዥ ለሦስት ቀን መሙላት፣ አንድ ወር ሙሉ ስለ ሥነ ምግባር ከመሰብሰብ የተሻለ ያስረዳል።

የማይታየው ሥራ በብዛት የሴት ሥራ መሆኑ እንዲያው የመጣ አይደለም። ሰችማንና ባልደረባዋ ጃኔት ብሎምበርግ በአንድ የጠበቆች ድርጅት ባደረጉት ጥናት፣ ጠበቆቹ ሰነድ መለየትና ኮድ መስጠትን ጭንቅላት የማይጠይቅ ሥራ አድርገው ያዩት ነበር። ከሠራተኞቹ ጎን ሲቀመጡ ግን እያንዳንዱ ሰነድ ፍርድ ይጠይቃል፦ ይህ ደብዳቤ ነው ወይስ ማስታወሻ? ቀኑ የተጻፈበት ነው ወይስ የደረሰበት? ሥራውን ለማሽን ወይም ለሌላ ድርጅት ለመስጠት የተያዘው ሐሳብ የተመሠረተው፣ ሥራውን ሠርቶት በማያውቅ ሰው ግምት ላይ ነበር። ጄነቪቭ ቤል የተባለች አውስትራሊያዊት አንትሮፖሎጂስትም በ1998 የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኢንቴል ስትቀጠር አለቃዋ ሴቶችን እንድታስረዳቸው ጠየቀቻት። የትኞቹን ሴቶች? ስትል ሁሉንም ተባለች። የእኛም ዕቅዶች ላይ ‘ሴቶችን ተጠቃሚ ማድረግ’ የሚል መስመር ስናይ ይኸው ጥያቄ ይመጣብናል፦ የመንዟ ፈታይ፣ የሸዋ ሮቢቷ ነጋዴ ወይስ የላይኗ ኦፕሬተር?

አሁን ወደ አሠራሩ። ታዛቢው ሲገባ በሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ እጅ ተይዞ ከገባ ሥራው እዚያው ላይ አበቃ፤ ሰው ሁሉ ሰዓት ቆጣሪ ወይም ሰላይ ያደርገዋል። ከመጀመሩ በፊት በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ማን እንደላከው፣ ስም እንደማይጽፍ፣ የሚጽፈው ለቅጣትም ለሹመትም እንደማይውል ለላይኑ ይነበባል፤ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ማኅበሩም ይፈርምበታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጽሑፍ ለመላመጃ እንጂ ለማስረጃ አይሆንም። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፤ ማሽንም ይጠረጋል።

አሥሩ ቀን በተከታታይ የጠዋት ፈረቃ ብቻ መሆን የለበትም። ቢያንስ ሁለት ሌሊት፣ አንድ የደመወዝ ቀን፣ አንድ የወር መጨረሻ፣ አንድ የበዓል ዋዜማ ይካተት፤ ሥራ የሚሰበረው በእነዚህ ቀኖች ነውና። በአንድ ጊዜ ከሦስት ሰዓት በላይ መታዘብ ዓይንን ያደክማል፣ ማስታወሻውም ‘ሥራ ቀጥሏል፣ ሥራ ቀጥሏል’ ወደሚል ይወርዳል። የአንድ ሰዓት ትዝብት አጥርቶ ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ ይህም በዚያው ምሽት መሆን አለበት፣ ካደረ ይቀልጣል። ማስታወሻው ሰዓቱን፣ የታየውን፣ የተባለውን ቃል በቃል ለየብቻ ይይዛል። የታዛቢው አስተያየት ሌላ ገጽ ላይ ይጻፍ። ‘ሰነፍ ናት’ አስተያየት ነው፤ ‘ከ3፡10 እስከ 3፡25 እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች፣ የተቆረጠ ጨርቅ አልመጣም’ ትዝብት ነው።

ስንጠይቅ ‘ለምን’ እና ‘ብዙውን ጊዜ’ የሚሉት ቃላት ይጎዱናል። ‘ለምን እንዲህ አደረግሽ’ የሚለው የፖሊስ ጥያቄ ይመስላል፤ ‘ብዙውን ጊዜ እንዴት ትሠሪያለሽ’ ስትባል ደግሞ ሥልጠና ላይ የተነገራትን ትደግምልሃለች። ‘እስቲ አሳዪኝ’፣ ‘ትናንት ሲቆምብሽ ምን አደረግሽ’ ይሻላል። በዕድሜ የገፉትን አንቱ ማለት ግድ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ የእናቱ እኩያ የሆኑትን የጽዳት ሠራተኛ አንቺ ብሎ ከጀመረ ከሳቸው የሚያገኘው ‘እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነው’ን ብቻ ነው። ስለ ወር አበባ፣ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ትንኮሳ የምትጠይቀው ሴት ታዛቢ ትሁን፤ ከፋብሪካው ግቢም ውጭ ይሁን።

ከንግግሩ በላይ የሚናገሩ ዕቃዎች አሉ። ማንሻ ላይ የታሰረች ብጣሽ ጨርቅ፣ ወንበር ላይ የተነጠፈ ካርቶን፣ በኖራ የተሠመረ ምልክት፣ ቁልፍ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ‘እንዳትነኩ’ የሚል ወረቀት። እያንዳንዷ በሠራተኛ እጅ የተጻፈች አቤቱታ ናት። ጨርቋ የታሰረችው ብረቱ ስለሚቀዘቅዝ ወይም ስለሚያንሸራትት ነው፤ ካርቶኑ የተነጠፈው ወንበሩ አጭር ስለሆነ ነው። ለጉብኝት ሲባል እነዚህ ከተነቀሉ ማስረጃው ጠፋ ማለት ነው።

ስለ ወንበር ከተነሣ ልኬት እንጨምር። ቆሞ ለሚሠራ ሰው የጠረጴዛው ከፍታ መነሻ ክርን ነው፦ ጥቃቅን ሥራ ከክርን ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ቀላል የእጅ ሥራ ከ10 እስከ 15 ዝቅ ይላል፣ ጉልበት የሚጠይቀው ከዚያም ይወርዳል። እጅ የሚደርስበትን ለአጭሯ፣ ሰውነት የሚያልፍበትን ለረጅሙ ለኩ። ‘አማካይ ሠራተኛ’ ብሎ ማሠራት ሁለቱንም ያስቸግራል፤ አማካዩ ወንድ ሆኖ ላይኑ ሴቶች ከሆኑማ መደርደሪያው ሁሉ አንድ ጣት ይርቃል። የሙቀት ልክም ከዚህ አላመለጠም፦ የቢሮ ሙቀት መለኪያው በ1960ዎቹ ሲወጣ መነሻው 40 ዓመት ዕድሜና 70 ኪሎ ክብደት ያለው ወንድ እንደነበረ ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2015 አሳይተዋል።

የሰዓት ሰሌዳም ንድፍ ነው። በጾም ወራት እስከ 9 ሰዓት እህል የማትቀምስ ሠራተኛ በ6 ሰዓት የምሳ ዕረፍት ብትሰጧት ቁጭ ብላ ትውላለች፤ 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ላይኑ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ስትወርዱ የዓርብ ሶላት አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዷን ጨርሳ የተመለሰችው እናት ፈረቃው መሀል ጡቷ ሲሞላ የት ሄዳ እንደምታልበው ግን በግንባታው ፕላን ላይ ተፈልጎ ይታይ። ሌሊት 4 ሰዓት ለወጣች ልጅ ባጃጅ ከበሩ ምን ያህል ርቆ እንደሚቆምም እንዲሁ።

ጉዳዩ የፋብሪካ ብቻ እንዳይመስል ወደ ሞረትና ጅሩ እንሂድ። በእነዋሪ ዙሪያ ገበሬው ውሃ የሚቋጥረውን መረሬ መሬት መደብና ቦይ አድርጎ ማንጣፈፍ ከየትኛውም ፕሮጀክት በፊት ያውቅበት ነበር። በሬው ካረሰ በኋላ ቤተሰቡ ማሳው ውስጥ ገብቶ የቦዩን አፈር በእጅ እየዛቀ መደቡ ላይ ያወጣል፤ ጎንበስ ብለው ከሚውሉት ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ናቸው። በ1980ዎቹ ዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል፣ ኢልካ፣ ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆኖ ይህን ሥራ በበሬ ለማስደረግ ሁለት ባህላዊ ማረሻ አጣምሮ መደብ ማውጫ ሠራ። ባለሙያዎች ቢቢኤም ይሉታል፤ 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ያወጣል። ጥሩ መነሻ ነው፤ ነባሩን ሞፈርና እርፍ አልጣለም። ታዛቢ ግን እዚህ ላይ የሚያየው ሌላ አለ። ሁለት ማረሻ ማለት ለበሬው ተጨማሪ ጭነት ነው፤ ሰኔ ላይ መኖ ያለቀበት በሬ ያን ይጎትታል ወይ? ውሃው ቶሎ ስለሚወርድ ዘሩ ቀደም ብሎ ይዘራል፤ ከዘሩ ጋር የክረምቱ አረም አብሮ ይነሣል፤ አረሙን የሚያርመው ማነው? ከጭቃ መዛቅ የተረፈው የሴቲቱ ጉልበት ለአረም ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። የአንድን መሣሪያ ጥቅም በእርሻ ቀኑ ብቻ የሚለካ ሰው ይህን አያገኘውም፤ የዓመቱን ሥራ በየሰው ለይቶ የዘረጋ ያገኘዋል።

መንዝ በሚሠራው ባና (የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ) ላይም ሒሳቡ ተመሳሳይ ነው። በጉ ይሸለታል፣ ጠጉሩ ይታጠባል፣ ይባዘታል፣ ሴቶች በእንዝርት ይፈትላሉ፣ ከዚያ ሸማኔው ይሠራዋል። ገበያ ላይ ዋጋ የሚጠየቀው ሸማኔው ነው፤ አንድ ሸማኔ እጁ እንዳይፈታ ግን ብዙ ፈታይ ያስፈልገዋል። ለሸማኔው የተሻሻለ መሸመኛ ብቻ ሰጥታችሁ ብትመለሱ የሚፋጠነው ክር ፍለጋው ነው፤ ያም ክር የሚፈተለው ሴቲቱ እንጀራውን ጋግራ፣ ልጁን አስተኝታ በኩራዝ ነው። እንግሊዞችም ይህ ደርሶባቸዋል፦ ጆን ኬይ በ1733 መወርወሪያውን ሲያሻሽል ሸማኔው ፈጠነ፣ ክር አነሰ፤ ባለብዙ እንዝርቱ መፍተያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መንዝ ላይ ከመፍተያው ጀምሩ።

ታዛቢው ሲጨርስ የሚያቀርበው ከአምስት ገጽ አይብለጥ። መጀመሪያ የሚነበበው ለሠሩት ሰዎች ነው፤ ‘ይህ ትክክል አይደለም’ ሲሉት ያርመዋል፣ ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ ይደርሳል። ማስተካከያው ቶሎ ወደ ግዢ አይሂድ። በስዊድንና በዴንማርክ ከ1981 እስከ 1985 ዩቶፒያ በተባለው ፕሮጀክት የማተሚያ ቤት ሠራተኞችና ተመራማሪዎች ገና ያልተሠራን መሣሪያ በካርቶን ሠርተው ነበር፤ ባዶ ሣጥን ‘ይህ ማተሚያ ነው’ ብለው አስቀምጠው፣ የቀን ሥራቸውን እየሠሩበት የት እንደሚያስቸግር ለዩ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ካርቶንም አናጢም አለ። አዲሱን ጠረጴዛ በጣውላ አቁማችሁ አንዲት ኦፕሬተር ሁለት ሳምንት ትሥራበት፤ ስትቆርጡትና ስትቀጥሉት የሚጠፋው ጣውላ ነው።

ሥራውን የሚችሉ የአንትሮፖሎጂና የሶሲዮሎጂ ምሩቃን በዞኑ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ለመጀመሪያ አንድ ሴትና አንድ ወንድ በአንድ የስፌት ላይን፣ በአንድ የእነዋሪ ቀበሌና በአንድ የወረዳ ባለጉዳይ መስኮት ላይ ይመደቡ፤ ለእያንዳንዱ አሥር ቀን መታዘቢያ፣ አምስት ቀን መጻፊያ ይያዝላቸው። ውላቸው ላይ አንድ አንቀጽ እንዳትዘነጉ፦ የማስታወሻ ደብተሩ የታዛቢው ነው፤ ለሱፐርቫይዘርም፣ ለጥበቃም፣ ለማናችሁም አይሰጥም። በሩ ላይ የሚታደላቸው ባጅም ‘ቁጥጥር’ የሚል አይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥራ ቦታ ባህልና ንድፍ የምናጠና ባለሙያዎች
ደብረ ብርሃን